ንጉሡ ቀደሰበት እንጂ ትኬት አልቆረጠበትም

በቅርቡ በአንድ የቅርስ ውይይት ላይ ከተናገሩት ባለሙያዎች አንዱ፣ በላስታ ዋሻ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የጧፍና የዕጣን ጢስ እየጎዳው ስለሆነ አገልግሎቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሮ እርሱ ለጎብኚ ብቻ ክፍት ቢሆን ይሻላል አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበ።

ጢስ! ከቅዱስ ላሊበላ በፊት በነገሠው፣ ካህንም ንጉሥም ነበር በሚባለው በይምርሐነ ክርስቶስ የታነጸው ይህ ቤት ከ800 ዓመት በላይ ሲታጠን ኖሮ፣ በአክሱም ወግ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የቆመው ግድግዳውም ሆነ የተጌጠው የእንጨት ጣሪያው ዛሬም አለ። ጥቀርሻ ሥዕል እንደሚያደበዝዝ አልክድም። ጥቀርሻን ግን ባለሙያ ይጠርገዋል፤ የተበተነ ደብር የሚሰበስብ ባለሙያ እስካሁን አላየሁም።

የጠበቀው ዋሻው ነው የሚሉኝ አይጠፉም። ዋሻ ከዝናብ ይከልላል፤ ከሌባ፣ ከእሳትና ከግዴለሽነት ግን አይከልልም። ከእነዚህ የከለለው ቁልፉን ከወገቡ የማይለየው ገበዝ ነው፤ ሌሊት ለማኅሌት የሚነሣው ደብተራ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀምጦ የሰንበቴ ተረኛው ያመጣውን ዳቦና ጠላ እየቀመሰ የትኛው እንጨት እንደተሰነጠቀ፣ ማታ የመጣው እንግዳ የማን ዘመድ እንደሆነ የሚያወራው ሽማግሌ ነው። በላስታ ገጠር ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞች የሚታረቁት በካህን መስቀል ፊት ነው፤ ሕፃኑ ክርስትና የሚነሣው፣ አያቱም የሚቀበሩት በዚያው አጥቢያ ነው። ገበሬው ያንን ደጃፍ የሚጠብቀው ቅርስ የሚለውን ቃል በሥልጠና ሰምቶ ሳይሆን የራሱ ቤት ስለሆነ ነው፤ ከቤቱ አስወጥታችሁት ሲያበቃ በወር ደመወዝ ዘበኛ ልትቀጥሩለት ነው? ከቤተ መቅደሱ ጀርባ የተጋደመው ዐፅም በዚያ መቀበርን የተመኙ ተሳላሚዎች ነው ይባላል፤ እነርሱ የመጡት ሊጎበኙ አልነበረም። ጥቅምት 19 ቀን ለንግሥ ከየአጥቢያው የሚተመው ምእመንስ ከትኬት መቁረጫው መስኮት ፊት ተሰልፎ ይቁም?

ተናጋሪው የቤቱ ጉዳት በእውነት የሚያሳስባቸው ከሆነ ወደ ስፍራው ወጥተው ከዋሻው አፍ ላይ በቅርብ ዘመን የተገነባውን ያንን ግንብ ይመልከቱ። የጥንቱን ዋሻ ገጽታ የጋረደው እርሱ ነው፤ የሠራውም ጧፍ አይደለም።