«ቶዮታ እኮ ነው» በቂ መልስ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ደላላውን «መኪናው እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ቶዮታ እኮ ነው!» የሚል ነው። በቃ፣ ጥያቄው እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካምቢዮው፣ ተጋጭቶ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ እንደ ነገር ፈላጊነት ይቆጠራል። ዋጋውም በዚሁ ስም ይሰቀላል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራ ኮሮላ እኛ ዘንድ ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጦ የሚገዛው ንብረት ነው።

ቶዮታን ለማጣጣል አልተነሳሁም። የዚህን ኩባንያ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አክብሮቴ ይጨምራል። የምለው ግን ይሄ ነው፦ ቶዮታ ስሙን ያገኘው ጥፋት ሲያይ ሥራ የማቆም ልማድ ስለነበረው ነው። ልማዱን በጠበቀ ጊዜ አደገ። በዘነጋው ጊዜ ደግሞ ሰው ሞተ፣ ቅጣት ተከፈለ፣ አለቆቹ አጎንብሰው ይቅርታ ጠየቁ። እኛ ስሙን ብቻ ይዘን ዓይናችንን ስንጨፍን ስሙን ያመጣውን ነገር ትተነዋል ማለት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ጃፓን ውስጥ ዛሬ ሺዙኦካ በሚባለው ግዛት የተወለደ የአናጢ ልጅ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ቤታቸው ውስጥ ይሸምናሉ፣ እናቱም እንደዚያው። ያንን ድካም እያየ ያደገው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሽመና ማሽን ሲያሻሽል ኖረ። ከሥራዎቹ ሁሉ የገነነው በ1924 የወጣው አውቶማቲክ ማሽን ነው። ክር ሲበጠስ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት፤ ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ መሥራቱን ቢቀጥል ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጨርቅ ሁሉ ብልሹ ነው፣ ሠራተኛውም ክር ይበጠስ አይበጠስ እያለ ከአንድ ማሽን አጠገብ ተገትሮ ይውላል። ማሽኑ ጥፋቱን ራሱ አውቆ ሲቆም ግን አንድ ሰው ብዙ ማሽን መቆጣጠር ይችላል፣ የተበላሸ ጨርቅም አይከመርም። በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን ማሽን የፈጠራ መብት በ100,000 ፓውንድ ገዛው። የፋብሪካ ሽመና የተወለደባት እንግሊዝ ከጃፓን ገጠር ከወጣ ሰው ዕውቀት ገዛች ማለት ነው።

ወደ መኪና የገባው ልጁ ኪይቺሮ ነው። በ1933 በአባቱ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል አቋቋመ፣ በ1935 ጂ1 የሚባል የጭነት መኪና አወጣ፣ በ1937 ቶዮታ ሞተር ራሱን ችሎ ቆመ። የዛሬውን ስም ለሚያውቅ ሰው የጂ1 ነገር ይገርማል። መንገድ ላይ ይሰበር ነበር። ደጋግሞ ይሰበር ነበር። እነሱም እየጠገኑ፣ የተሰበረውን እያዩ ቀጣዩን አሻሻሉ። በ1950 ደግሞ ኩባንያው ሊዘጋ ጫፍ ደረሰ። ሠራተኛ ተቀነሰ፣ አድማ ተመታ፣ ኪይቺሮም ኃላፊነቱን ወስዶ ከፕሬዝዳንትነት ለቀቀ። በዚያው ወር የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ፣ የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘ፣ ኩባንያው ነፍስ ዘራ። ኪይቺሮ ግን በ1952፣ በ57 ዓመቱ አረፈ። ኮሮላን ሳያይ።

አሁን የምደርስበት ክፍል ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ታይቺ ኦኖ የተባለ መሐንዲስ የሽመና ማሽኑን ሐሳብ ወደ መኪና ፋብሪካ አመጣው። መገጣጠሚያው መስመር ላይ ገመድ ተዘረጋ። ማንኛውም ሠራተኛ፣ ትናንት የተቀጠረውም ቢሆን፣ የላላ ብሎን ወይም የተጣመመ ላሜራ ካየ ገመዱን ይስባል። መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል፣ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ፋብሪካ ማቆም ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስወጣ የሚያውቅ አለቃ ይህን መብት ለተራ ሠራተኛ መስጠቱ የዋዛ ነገር አይደለም። ከዚያም «ለምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱ ላይም እንደገና «ለምን?» ይባላል። እስከ አምስት ጊዜ። ብሎኑ ለምን ላላ? መሣሪያው ስላረጀ። ለምን አረጀ? የሚፈትሸው ሰው ስላልነበረ። እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ይወርዳል።

«ጃፓኖች ስለሆኑ ነው» የሚል ሰው ካለ የፍሪሞንትን ነገር ልንገረው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሪሞንት በምትባል ከተማ ጄኔራል ሞተርስ አንድ ፋብሪካ ነበረው። ሠራተኛው በቀሪ፣ ፋብሪካው በጥራት ጉድለት ስማቸው የጠፋ ስለነበር በ1982 ተዘጋ። ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በሽርክና በ1984 መልሰው ከፈቱት፣ የቀጠሩትም በአብዛኛው እነዚያኑ ሠራተኞች ነው። የተቀየረው አሠራሩ ነበር፤ ገመዱ ተሰጣቸው። ብዙ ሳይቆይ ከዚያው ፋብሪካ የሚወጣው መኪና ጥራቱ ጃፓን ከሚሠራው ጋር የሚቀራረብ ሆነ። ይህን ታሪክ እዚህ አገር ፋብሪካ የሚመራ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ውድቀትም አይተዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ክራውን የተባለችውን መኪና አሜሪካ ወስደው በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሞተሩ ይግል፣ ጉልበቱም ያጥር ጀመር። በ1960 መላኩን አቆሙ። አሻሽለው በ1965 ኮሮናን ይዘው ተመለሱ፣ ያን ጊዜ ተሳካላቸው። በ1966 ኮሮላ ተወለደች፤ እስከ 2021 ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጣለች።

ላንድክሩዘርም ከዚያው ቤት ነው። በ1951 የተሠራው ጂፕ መሰል መኪና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥቶ ታየ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዛሬ የምናውቀው ስም ወጣለት። ጥንካሬው ለበጎ ብቻ አልዋለም። በ1987 የቻድ ጦር በቶዮታ ፒክአፖች ላይ ሚሳኤል ጭኖ የሊቢያን ታንኮች በረሃ ላይ ደመሰሰ፣ ጦርነቱም «የቶዮታ ጦርነት» ተባለ። መኪናው ጎበዝ ነው ማለት የሚነዳው ሁሉ ጥሩ ሰው ነው ማለት አይደለም። እኛም አገር ሃርድ ቶፑ ለክትባትና ለእርዳታ ሥራ ገጠር ሲገባ ኖሯል፣ ቪ8ቱ ደግሞ የሹመት ምልክት ሆኖ ብዙ ሰው አስከፍቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የቶዮታ ስም እንዲህ የከበደው በጃፓኖች ብቻ አይመስለኝም። ዲኤክስን አስቡ። ዶልፊንን፣ አባዱላን፣ ቪትዝን አስቡ። እነዚህን መኪኖች የማይፈታ መካኒክ የለም። መለዋወጫቸው ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ይገኛል፣ ክፍለ አገርም ብትሄዱ አይጠፋም። ሌላ መኪና ባንዲት ትንሽ ዕቃ ለወራት ሲቆም ቶዮታ በማግስቱ መንገድ ላይ ነው። የመካኒኮቻችን እጅ ባይኖርበት ኖሮ ያ ሁሉ አሮጌ ዲኤክስ ዛሬ ድረስ ባልተነቃነቀ ነበር። ይህ ምስጋና ለእነሱም ይድረስ። ጥያቄዬም ከዚሁ ይነሳል። እንዲህ በብዙ እጅ ያለፈ፣ ግማሹ ዕቃ የተቀየረ፣ ከተቀየረውም ውስጥ ስንቱ ኦሪጅናል እንደሆነ የማይታወቅ መኪና «ቶዮታ እኮ ነው» ሲባል የትኛው ቶዮታ ነው? ከፋብሪካ የወጣው ወይስ አሁን ፊታችን የቆመው?

ራሱ ኩባንያውም ቢሆን ልማዱን የረሳበት ጊዜ አለ። በኦገስት 2009 አሜሪካ ውስጥ ሳን ዲዬጎ አቅራቢያ ቶዮታ የሚሠራው አንድ ሌክሰስ መኪና ፍጥነቱ አልቆም ብሎ አራት ሰዎች ሞቱ። መኪናው ውስጥ የተነጠፈው ምንጣፍ ልኩ አልነበረም፣ የነዳጅ ፔዳሉንም ይዞት ነበር። ሌላም ችግር ወጣ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ፔዳሉ ራሱ ተጭኖ ቶሎ አይመለስም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ። በፌብሩዋሪ 2010 የመሥራቹ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከአቅማችን በላይ በፍጥነት አድገን ይሆናል ብሎም አመነ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ብዙዎች የጠረጠሩት የመኪናው ኤሌክትሮኒክስ ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም፤ የናሳ መሐንዲሶች መርምረው በ2011 ጉድለት አላገኘንም ብለዋል። ጥፋቱ ሌላ ነበር። የሚያውቁትን ችግር ከሕዝቡ ደብቀዋል። ለዚህም በ2014 ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ገመድ የሰጠ ኩባንያ ገመዱን ራሱ ሳይስብ ቀረ።

ከዚያ የባሰ የሚያሳዝነኝ የቅርቡ ነው። በዲሴምበር 2023 ሙሉ በሙሉ የቶዮታ ንብረት የሆነው መኪና አምራች ዳይሃትሱ የደኅንነት ፈተናዎችን ሲያጭበረብር መኖሩ ተጋለጠ። 64 ሞዴሎች ተነካኩ፣ በቶዮታ ስም የሚሸጡትም አሉባቸው። በአንዳንዱ የግጭት ፈተና ኤርባጉ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን ከጉዳት የሚከላከለው ከረጢት) የተነፋው ግጭቱን አውቆ ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪ ተሞልቶ ነበር። ሠራተኞቹ ቀነ ገደብ አጨናንቋቸው ነበር፣ ለአለቃ መናገርም ከብዷቸው ነበር። በጁን 2024 ቶዮታ ራሱም በሰባት ሞዴሎች ላይ ፈተናው በደንቡ እንዳልተካሄደ አመነ፣ አኪዮም እንደገና አጎነበሰ። ሰው መናገር የፈራበት ቤት ገመዱ ቢዘረጋም አይሳብም።

አሁን ወደ ራሳችን። ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ በብዙ ዓይነት መኪኖች ላይ ተገጥሟል፣ ቶዮታም አንዱ ነው። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ሲቆይ ይበላሻል። ግጭት ሲመጣ የብረት መያዣው ይፈነዳል፣ ስብርባሪውም ሾፌሩ ላይ ይበተናል። በዚህ ምክንያት ዓለም ላይ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቶዮታ በ2015 ብቻ በአንድ ጊዜ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ጠራ፤ ከ2003 እስከ 2007 የተሠሩ ኮሮላና ቪትዝ ይገኙባቸዋል። እነዚያ ዓመታት ደግሞ የእኛ ጎዳና ላይ በየቀኑ የምናያቸው መኪኖች የተሠሩባቸው ናቸው። ጃፓን ወይም አውሮፓ ያለው ባለቤት ደብዳቤ ደርሶታል። በዱባይ ዞሮ፣ ሦስትና አራት ሰው እጅ ገብቶ እዚህ የደረሰውን መኪና የገዛ ሰው ግን ማን ይጽፍለታል?

የመኪና ገበያው ደግሞ ይህን ጥያቄ ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል። ከ2020 ጀምሮ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ተጣለ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ያለው ቶዮታ እየተሸጠ እየተለወጠ ለረጅም ዘመን ይኖራል። አዲስ የሚመጣው ኤሌክትሪክም ቢሆን ስሙ ብቻውን አያድነውም። ቢዜድ4ኤክስ የተባለው የቶዮታ ኤሌክትሪክ መኪና በ2022 ገና ከመውጣቱ የጎማው ብሎን ሊላላ ይችላል ተብሎ ተጠርቷል። እዚያ ላይ ግን ቶዮታ የድሮውን ልማድ አሳየ። ለ2,700 መኪኖች ባለቤቶች አትንዱ አለ፣ መፍትሔው እስኪገኝም ሽያጩን አቆመ።

ስለዚህ ቪትዝም ኮሮላም የምትገዙ ሰዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ውሰዱ። ቶዮታ የጃፓን ድረ ገጹ ላይ በዚህ ቁጥር መኪናው ለጥገና የተጠራ መሆኑን ይፈትሻል፣ ክፍያም የለውም። ሻጩ ቁጥሩን አልሰጥም ካለ ሂሳባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ለትራንስፖርት ባለሥልጣናትም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በየዓመቱ ቦሎ ለመውሰድ መኪናችንን ስናስመረምር ፍሬኑና መብራቱ ይታያል፤ የኤርባጉ ጥሪም አብሮ ይታይ። የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል፣ ኮምፒውተሩም ምርመራ ጣቢያው ውስጥ አለ። የተጠራ ኤርባግ ያለበት መኪና ከተገኘ ባለቤቱ በጽሑፍ ይነገረው፣ የቶዮታ ወኪሉም እንዲቀይርለት ይጠየቅ።