ፈንግል ነው ተብሎ የሚታለፈው ሞት
የወፍ ጉንፋን መከላከያ ፖሊሲ የዱር ወፎች በሚሰፍሩባቸው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በቢሾፍቱ ትልልቅ የዶሮ እርባታዎች ላይ ማተኮሩ በቂ ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። በ1998 ዓ.ም. ቫይረሱ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ናይጄሪያ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ለመዛመቱ የዶሮ ንግድ ትልቅ ድርሻ ነበረው። እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዶሮ ከቆጥ ላይ ረግፎ ሲያድር «ፈንግል (የተለመደው ዶሮ ጨራሽ በሽታ) ገባ» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ የፈንግልና የወፍ ጉንፋን ምልክት ስለሚመሳሰል ግን ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ መለየት አይቻልም። የባሰው ደግሞ የተረፉትን ሳይሞቱ ለመሸጥ የሚደረገው ጥድፊያ ነው፤ በበዓል ሰሞን ደብረ ሲና ገበያ እግራቸው ተጠፍሮ ከሚደረደሩት ዶሮዎች ከፊሎቹ ወደ አዲስ አበባ ይጫናሉ፣ ያልተሸጡት ተመልሰው ቤት ከቀሩት ዶሮዎች ጋር አንድ ቆጥ ላይ ያድራሉ። በጽሑፉ ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ «ገበሬው በሽታን የማያሳውቀው ግንዛቤ ስለሌለው ነው» ብለዋል፤ እኔ እንደማየው ግን እናቶቻችን የታመመ ዶሮን ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ የሚፈሩት ያሏቸው ጥቂት ቄቦች ያለ ካሳ እንዳይወገዱባቸው ነው። ስለዚህ ፖሊሲው ያላሳወቀውን ከመቅጣቱ በፊት ካሳው በስንት ቀን፣ በማን በኩልና በየትኛው የገበያ ዋጋ እንደሚከፈል በግልጽ ይደንግግ። የፈንግል ክትባትም በየቀበሌው በወቅቱ ይድረስ፤ በተከተበ መንጋ ውስጥ ድንገተኛ እልቂት ሲታይ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሌላ በሽታ መሆኑን ጠርጥሮ ናሙና ለመላክ አይዘገይም።