ላም አለኝ በዱባይ

ያለፈው እሁድ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠናል። አጠገባችን አራት ሰዎች ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ስልኩ ላይ ያለው ምን መሰላችሁ? ሐይቅ። ዱባይ ውስጥ ወደፊት የሚቆፈር ሐይቅ። «ቪው አለው እኮ!» ይላል አንዱ። ከኋላው ጀልባ እያለፈ ነው።

ታውቋቸዋላችሁ፣ እነዚህን የዱባይ ቤት ገዢዎች። ሠርግ ላይ አሉ፣ ለቅሶ ቤት አሉ፣ ፀጉር ቤት አሉ። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየዘገኑ «ዳውን ፔይመንቱን ጨረስኩ» የሚሉት ናቸው። እኔ ግን እንደናንተ አልማም። እነዚህ ሰዎች ምስጋና ሲያንሳቸው ነው።

አገራችን ስንት ዘመን «የ13 ወር ፀሐይ» እያለች ቱሪስት ስትጠራ ኖራለች። የእኛ ጀግኖች ግን ሐዋሳ ላይ በነፃ አናታቸውን የሚመታቸውን ፀሐይ ናቁና ሌላ ፀሐይ በዲርሃም ገዙ። ያኛው ጥራት አለው። በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ደጅ አያስቆምም። መስኮት ዘግቶ፣ ኤሲ ከፍቶ፣ ጋቢ ደርቦ በመስታወት ማየት ነው። ፀሐይ በክብር የተያዘችው እዚያ ነው።

ከሁሉም የማደንቃቸው ግን የሰፈራችን ጋሼ ናቸው። ስም አልጠራም፣ በየሰፈራችሁ አንድ አንድ አሉ። ጋሼ 19ኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ገዝተዋል። ፎቁ አሁን 4ኛ ላይ ደርሷል። ስለዚህ የጋሼ ቤት ለጊዜው አየር ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል የሰማነው ላሚቱ ካርኒ ሳይኖራት ነው። የጋሼ ላም ካርኒ አላት፣ ያውም ላሚኔት የተደረገ። የዱባይ መሬት መዝገብ የምዝገባ ክፍያ 4 በመቶ ተቆርጦባታል።

ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያዩት የዱባይን አየር ነው። «ዛሬ 44 ገባ!» ይላሉ፣ ልጃቸው ማትሪክ ያመጣላቸው ይመስል። ሰዓት ስትጠይቋቸው አንድ ሰዓት ጨምረው ይነግሯችኋል። ደላላው በቴሌግራም የኮንክሪት ቪዲዮ ሲልክላቸው ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያያል። አንድ ቀን ቪዲዮው ላይ አንድ ሠራተኛ ሲያዛጋ ታየ። ጋሼ እንቅልፍ አጡ።

ከዚያ የቡናው ጉዳይ መጣ። ጣሪያው ላይ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ ነገር እንዳለ ደላላው ሳያስበው ተናገረ።

«ታዲያ ቡናዬን የት ልቁላ?» አሉ እትዬ።

«በረንዳ ላይ።»

«በረንዳ ላይም ክልክል ነው ብሏል። እጣኑስ?»

«ዱባይ ሄደሽ ደግሞ እጣን?»

በቃ፣ ተኳረፉ። እትዬ «ቡና የማይቆላበት ቤት ቤት አይባልም» ብለው እህታቸው ጋ ሄዱ። ቡፌው በየት ይገባል የሚለው ሳይነሳ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ግራ ቀኙ ተሰማ። የፕላኑ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው «ፎቁ ስንት ደረሰ?» አሉ። «አራት» ተባለ። «እንግዲያው ለጊዜው እዚሁ ትቁላ» ብለው ፈረዱ። ጋሼ ይግባኝ ማለት ፈልገው ነበር።

እኚህ ሰው ለሰፈር ዘበኛ 50 ብር አዋጡ ሲባሉ ስብሰባ ረግጠው የወጡ ናቸው። አሁን ለዱባዩ ፎቅ በየዓመቱ በስኩዌር ፊት ተሰልቶ ሰርቪስ ቻርጅ እንደሚከፍሉ በኩራት ያወራሉ። ለማይዋኙበት መዋኛ፣ ለማያውቁት ዘበኛ። «ሲስተም ነው» ይላሉ። መኖሪያ ፈቃድም ያሰጣል ይላሉ። የአስር ዓመቱ ፈቃድ 2 ሚሊዮን ዲርሃም የሚያወጣ ንብረት ይጠይቃል። የጋሼ ስቱዲዮ ለዚያ ገና ብዙ ወንድሞች ያስፈልጉታል።

ዲርሃሙ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፣ አንጠይቅም። ክፍያው እንዴት እንደከበደ ግን እናውቃለን። ዲርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። የብር ምንዛሪ ደግሞ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። የጋሼ ክፍያ በዲርሃም ንቅንቅ አላለም፣ በብር ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ጭማሪውን ማን ቻለው? እዚህ ላይ አልቀልድም። ጋሼ ግቢ ውስጥ የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ተከራዮቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰሩ ልጆች ናቸው። ከገጠር መጥተው፣ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ውለው፣ ማታ ለአራት አንድ ክፍል የሚገቡ። ቆርቆሮው ያፈሳል። ሽንት ቤቱ ለግቢው አንድ ነው። ውሃ በጀሪካን ነው። ኪራዩ በዓመት ሁለቴ ጨመረ። «ካልተመቻችሁ ልቀቁ» ተባሉ። የዱባዩን ፎቅ የምትገነባው እኮ ተከራይዋ ልጅ ናት፣ ምሳዋን ዘላ! ደላላው ለጋሼ ኬክ ላከ፣ «ውድ ባለሀብታችን» ብሎ። ለእሷ የተላከላት የኪራይ ጭማሪ ነው። ይሄ ብልጠት አይደለም። ነውር ነው።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ጋሼ የመጨረሻው ክፍያ ስለደረሰ ትልቅ ውሳኔ ወስነዋል። ሐይቅ ዳር ያለውን የመኖሪያ ግቢያቸውን ሊሸጡ ነው። ሰኔ 2017 በጸደቀው አዋጅ የውጭ ዜጋም ቢያንስ 150,000 ዶላር ካወጣ እዚህ ቤት መግዛት ስለሚችል፣ ምናልባት አንድ ዱባይ የሰለቸው ሰው ይመጣል ብለው ተስፋ አድርገዋል። ተከራዮቹ ልጆች በወሩ መጨረሻ እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። ፎቁ እስኪያልቅ ጋሼና እትዬ እዚሁ ሐዋሳ ይከራያሉ። ክፍል የሚፈልግላቸውን ደላላ ባለፈው አገኘሁት። በዋጋም በሰፈርም ብዙ አላስቸገሩትም። አጥብቀው ያስጠነቀቁት አንድ ነገር ነው፦ አከራዩ ዱባይ ቤት የጀመረ እንዳይሆን።