ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

ባለፈው እሑድ ልጄን አቅፌ ለቁርባን ተሰለፍኩ። 4 ዓመቷ ነው። ከፊታችን ሕፃን ያዘሉ እናቶች ነበሩ። ከነሱ ቀጥሎ ልጆች። ከዚያ በዱላ የሚደገፉ አባቶችና መነኮሳይያት። ልጄ ተራዋ ደርሶ ቆረበች፣ ጠበል ጠጣች። አፏን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜላት ወደ ኋላ ተመለስን።

ወደ ቦታዬ ስመለስ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ግቢውን የሞላው እኮ የእኔ ዕድሜ ሰው ነው። ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ የልጆች እናትና አባት። ከሌሊት ጀምሮ የቆመ አለ። ሲሰገድ ይሰግዳል፣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲባል እያለቀሰ ይላል። ቁርባን ሲመጣ ግን ባለበት ይቀራል። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብኩት የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ተው ያለኝ ሰው የለም። እንዲሁ ጎረመስኩና ቀረ።

ይሄ የአንድ ደብር ጉዳይ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ፤ ያን ዕለትም ይቆርባሉ። ከዚያ በልጅነት ይቆረባል። ከዚያ ረጅም ዝምታ ይመጣል። ፀጉር ሲሸብት፣ ልጆች ሲዳሩ፣ ጉልበት ሲደክም ደግሞ ተመልሶ ይቆረባል። ቋንቋችን እንኳን ይህን ይዞታል። «እሷ እኮ ቆራቢ ናት» ሲባል ባለፈው እሑድ ቁርባን ተቀበለች ማለት አይደለም። ከዓለም ወጥታለች፣ ባሏ ቢሞት ሌላ አታገባም፣ እንደ መነኩሴ ትኖራለች ማለት ነው። ለክርስቲያን ሁሉ የተሰጠ ነገር የጥቂት ሰዎች የኑሮ ደረጃ መጠሪያ ሆኗል።

እኔ የምለው፣ ይህን ልማድ ትሕትና ነው ብለን ማለፋችንን እንተው። ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የወረስነው አይደለም። ሥርዓቱ ራሱ ይቃወመዋል።

ቅዳሴውን እንየው። ሌሊት ቤተልሔም በሚባለው ቤት ውስጥ ኅብስቱ ይጋገራል። ወይኑ ከዘቢብ ይዘጋጃል። ከዚያ መልእክታቱ፣ ወንጌሉ፣ ጸሎቱ ይቀጥላል። ዲያቆኑ «ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ይላል። ገና ያልተጠመቃችሁ ውጡ ማለቱ ነው። ለምን ይውጡ? ቀጥሎ የሚመጣው ማዕድ የተጠመቁት ስለሆነ ነው። ወደ መጨረሻው ደግሞ «እለ ውስተ ንስሐ ሀለውክሙ አትሕቱ ርእሰክሙ» ይላል። በንስሐ ያላችሁ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ። ይህ ጥሪ ሲሠራ ታስቦ የነበረው በሕዝቡ መሀል ለጊዜው ከቁርባን ለተለዩ ሰዎች ነው። ዛሬ ሲባል ግን ስንቱ ሰው ነው ራሱን ዝቅ የሚያደርገው? ጉባኤው በሙሉ ማለት ይቻላል። ተለይቶ ይቆም የነበረው ጥቂት ሰው ዛሬ ሕዝቡ ራሱ ሆኗል።

በዚህ ነገር የመጀመሪያው ተቆጪ እኔ አይደለሁም። ዮሐንስ አፈወርቅ ከ1600 ዓመት በፊት ተቆጥቷል። ከ14ቱ ቅዳሴያችን አንዱ በስሙ የሚጠራው አፈወርቅ ማለቴ ነው። የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም በ3ኛው ስብከቱ ላይ መሥዋዕቱ በከንቱ ይሠዋል፣ እኛም በመሠዊያው ፊት በከንቱ እንቆማለን፣ የሚካፈል የለምና ይላል። ቀጥሎም ምሳሌ ያመጣል። ሰው ግብዣ ተጠርቶ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ማዕድ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ አልበላም ቢል ጠሪውን ማዋረድ አይደለም ወይ? ባይመጣ አይሻለውም ነበር? ይላል። ስለዚያ ስለ ንስሐ ጥሪም ያነሳል። በንስሐ ላሉት የሚታወጀውን ትሰማላችሁ፤ የማይቆርብ ሁሉ በንስሐ ካሉት ነው ይላል። እኛ በየእሑዱ የምንሰማው ጥሪ ላይ ነው የተናገረው። እኔ ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። የተናገረው ለእኔ ነበር።

ከሱም በፊት ነገሩ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ ሰማዕቱ ዮስጦስ በሮም የነበረውን የእሑድ ጸሎት ሲገልጽ፣ የተገኘው ሁሉ ከኅብስቱና ከጽዋው ይካፈላል፣ ላልመጡትም ዲያቆናት ይወስዱላቸዋል ይላል። ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ደብዳቤ በሳምንት 4 ቀን፣ እሑድ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ እንቆርባለን ይላል። በሐዋርያት ስም የሚታወቁት ጥንታዊ ቀኖናዎች ደግሞ ይብሳሉ። ገብቶ መጻሕፍትን ሰምቶ ለጸሎቱና ለቁርባኑ ሳይቆይ የሚሄድ ምእመን ሥርዓት አፍራሽ ነውና ይለይ ይላሉ። አስቡት፤ ዛሬ ይህ ቀኖና በቀጥታ ቢሠራ ከደጀ ሰላሙ ውስጥ ማን ይቀራል?

ደግሞ መታወቅ ያለበት፣ ይህ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። በምዕራቡ ዓለምም ሕዝቡ ቁርባንን ማየት እንጂ መቀበል ትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1215 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላተራን ጉባኤ እያንዳንዱ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ በፋሲካ፣ እንዲቆርብ እስከማስገደድ ደረሰ። በግሪኮች ዘንድ በ18ኛው መቶ ዘመን የአቶስ ተራራ መነኮሳት ቶሎ ቶሎ መቁረብ ይገባል ብለው ተነሥተው ብዙ ተንገላተዋል። እህታችን የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ20ኛው መቶ ዘመን በሀቢብ ጊዮርጊስ የተጀመረው የሰንበት ትምህርት ቤት እንቅስቃሴ ብዙ ነገር አነቃቅቶላታል። ዛሬ የግብፆቹ ቅዳሴ ላይ የተገኘ ሰው ጎልማሳው ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሲቆርብ ያያል። እምነታችን አንድ ነው። የሚቆርበው ሕዝብ ግን አንድ አይደለም።

ታዲያ በእኛ ዘንድ ምን ሆነ? ሁሉም ሰው «ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው» ይላል። ፍርሃቱ አለ፣ አልክድም። ግን ከፍርሃቱ በታች ሌላ ነገር አለ። ጋብቻ ነው።

አባቶቻችን በብዛት ያገቡት በሰማንያ ነበር። በሽማግሌና በውል የሚታሰር፣ ንብረት እኩል የሚካፈሉበት፣ ካልተስማሙ የሚፈርስ ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት አብረው ቆርበው የሚፈጽሙት የቁርባን ጋብቻ ግን አይፈርስም። ስለዚህ ገበሬውም መኳንንቱም ከዚህኛው ይሸሽ ነበር። በቁርባን የሚያገባው ቄሱና ዲያቆኑ ነው፤ እሱ ግዴታው ነው። ሌላው በሰማንያ ይኖራል፣ በሰማንያ የሚኖር ደግሞ አይቆርብም። ባልና ሚስቱ ሲያረጁ፣ መፋታት የማይታሰብ ሲሆን፣ ያኔ አብረው ይቆርባሉ። እንግዲህ ይህ የመንፈሳዊ ብስለት ጉዳይ ነው? ለእኔ አይመስለኝም። በጋብቻ ሕግ ዙሪያ የተሠራ ማኅበራዊ ልማድ ነው። እኛ በኋላ መጥተን ትሕትና የሚል ስም ሰጠነው።

ዛሬ ሰማንያው ማዘጋጃ ቤት ሆኗል እንጂ ነገሩ ያው ነው። እኔና ባለቤቴ የዛሬ 9 ዓመት ማዘጋጃ ቤት ፈረምን፣ ድግስ ደገስን፣ ተዳርን። በተክሊል፣ በቤተ ክርስቲያን አክሊል ተደፍቶላችሁ፣ ለምን አላገባችሁም ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው አልነበረም። ጓደኞቻችንም እንዲሁ። ያኔ የቁርባን ጋብቻ የወጪ ነገር ይመስለን ነበር። ካባው፣ አክሊሉ፣ መዘምራኑ፣ ካሜራው። እውነቱን ለመናገር ሥርዓቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ንስሐ፣ ካህን፣ ሁለት ሰዎችና ቅዳሴ ነው የሚፈልገው። በድንግልና ላልቆየ ደግሞ ያለ ተክሊል በቁርባን ብቻ የሚፈጸም ሥርዓት አለ። ሙሽራ መሆን አያስፈልግም። 10 ዓመት አብረው የኖሩ፣ 3 ልጅ የወለዱ ባልና ሚስት በአንድ እሑድ ማለዳ፣ ያለ ሠርግ፣ ያለ ሚዜ ሊፈጽሙት ይችላሉ። ይህን ስንቱ ያውቃል? እኔ ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። በጣም የሚጠቀሰው ጳውሎስ ነው። ሳይገባው የበላና የጠጣ ለራሱ ፍርድ ይበላል የሚለው፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 11። እናቶቻችን ይህን በቃላቸው ያውቁታል። እዚያው መሀል ያለውን ግን ማንም አይጠቅስም። «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ይላል። ይፈትንና ይቅር አላለም። ይፈትንና ይብላ ነው ያለው። የቆሮንቶስ ሰዎች ጥፋትም በግልጽ ተጽፏል። ያለው ቀድሞ እየበላ ይሰክራል፣ የሌለው ይራባል። ድሃውን ያሳፍሩ ነበር። እንግዲህ ሳይገባው መብላት ማለት መጀመሪያ የተነገረው ወንድሙን እያስራበ ወደ ማዕዱ ለሚመጣ ሰው ነው። እኛ ይህን ረስተን ቃሉን ሁሉ «ገና ነኝ» ለማለት ብቻ እንጠቀምበታለን።

ሌላው «ከቆረብኩ በኋላ ብወድቅስ?» የሚለው ነው። ይህን የማይል ሰው አላጋጠመኝም። ጥያቄው ከልብ ነው፣ አልንቀውም። ግን ቁርባንን እንደ ሽልማት ስላየነው የመጣ ጥያቄ ነው። ጨዋ ሆነህ ኖረህ መጨረሻ ላይ የምትሸለመው ነገር አድርገነዋል። የአንጾኪያው አግናጥዮስ በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለሰማዕትነት ወደ ሮም ሲወሰድ በጻፈው መልእክት ይህን ኅብስት የማይሞትነት መድኃኒት ብሎታል። መድኃኒት ደግሞ የሚወሰደው ከዳኑ በኋላ አይደለም። የ35 ዓመት ሰው በቢሮው ሐሰትና ጉቦ፣ በስልኩ ላይ የማይገባ ነገር፣ በቤቱ ጭቅጭቅ የሚፈተነው አሁን ነው። በ75 ዓመቱ አይደለም። መድኃኒቱን ሕመሙ በጠናበት ጊዜ ከልክለን ሕመሙ ራሱ ሲደክም እንሰጠዋለን።

ካህኑ ሥጋውን ከፍ አድርጎ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ይላል። ቅዱሱ ነገር ለቅዱሳን ነው። ይህን ስሰማ ልጅነቴን በሙሉ «እኔ አይደለሁም» እያልኩ ነው ያደግሁት። ሕዝቡ ግን ምን ብሎ ነው የሚመልሰው? «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ።» በቃ። ቅዱሱ አንዱ እግዚአብሔር ነው። ሕፃኑም፣ መነኩሴውም፣ ቄሱ ራሱም የሚቀርበው በራሱ ቅድስና አይደለም። መልሱን እኛው በአፋችን እንለዋለን፣ ከዚያ እንዳልሰማን ሆነን ወደ ኋላ እናፈገፍጋለን።

ሥርዓቱ ይላላ እያልኩ አይደለም። 18 ሰዓት ይጾማል፤ ይጾም። ንስሐ ይገባል፤ ይገባ። የተጣላ ይታረቅ፣ የወሰደ ይመልስ። ያለ ዝግጅት መቅረብማ ከመቅረትም ይከፋል። የምለው፣ ዝግጅቱ የሰው ሁሉ የዘወትር ኑሮ ይሁን ነው። የንስሐ አባት ያለን ብዙዎች ነን። ግን በዓመት ስንት ጊዜ እናገኛቸዋለን? ልጅ ሲጠመቅ፣ ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲባረክ። አንድ ካህን መቶ ቤት ይዞ የማንን ኑሮ ሊከታተል ይችላል? አባቶችም ቢሆኑ ዐውደ ምሕረት ላይ «ቁረቡ» ከማለት አልፈው፣ በማዘጋጃ ቤት የተጋቡትን ጥንዶች በስም እየጠሩ ቢያነጋግሩ ብዙ ሰው ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። አፍሮ የቀረ ነው የሚበዛው፣ ጠልቶ የቀረ አይደለም።

ደስ የሚለው፣ ነገሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። በሰንበት ትምህርት ቤትና በግቢ ጉባኤ ያለፉ ወጣቶች ዛሬ ሳይፈሩ ሲቆርቡ አያለሁ። በተክሊል ሲጋቡም አያለሁ። እኔ በነሱ ዕድሜ ቁርባን ሽማግሌዎች የሚሄዱበት ሩቅ አገር ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ማታ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። ለካ እሷም ስታስበው ነው የቆየችው። ከእኔ በፊት ሁለት ሴት ጓደኞቿን አማክራለች። ሰኞ ለንስሐ አባታችን ደወልን። «ሁለታችሁም ናችሁ?» አሉ። አዎ አልናቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ቅዳሜ ከሰዓት ኑ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን፤ ልጅቷንም ይዛችሁ ኑ» አሉን።