መቂ ላይ ረክሷል

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሐዋሳ ወጣን። እቅዱ “ሳንቸኩል፣ እየቆምን፣ እያየን” የሚል ነበር። መንገዱ ሐይቅ በሐይቅ ነዋ! አምስት ሰው በአንዲት ቪትዝ። ወንድሜ ይነዳል። አክስታችን እትዬ ጋቢና። እኔ፣ ሚስቴና የእህቴ ልጅ ከኋላ ተጣበን ተቀመጥን። አስጎብኚ ነኝ ያልኩት እኔው ነኝ፤ የሾመኝ የለም።

ቢሾፍቱ፣ ሆራ ዳር ቆምን። “ይሄ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው” ብዬ ሳልጨርስ ስልክ እጄ ላይ ተቀመጠ። አሥራ ሰባት ፎቶ አነሳሁ። በአሥራ ሰባቱም የእህቴ ልጅ ግንባር አለ፤ ሐይቁ የለም።

ቆቃ ስንደርስ ተስፋ አልቆረጥኩም። “ይሄ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ነው የተሠራው፤ በ1952 ዓ.ም. አለቀ” አልኩ።

“ካሳውን ተወውና ዓሣው ስንት ነው?” አሉ እትዬ።

መቂ ላይ ግን እትዬ ነቁ። ሽንኩርቱን አነሱ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላጥ አደረጉት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ወረወሩት።

“አዲስ አበባ ከዚህ ይረክሳል!” አሉ ለሻጩ።

ወደ እኛ ዞር ብለው ደግሞ በሹክሹክታ፣ “አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ ግማሹንም አታገኙ፣ ዝም በሉ።”

አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። ሆራ ዳር የቆምነው አሥር ደቂቃ ነው። አንዱ ማዳበሪያ ሽንኩርት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ገባ፤ ሁለተኛው ቦታ አጣና ጭኔ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ስምጥ ሸለቆ በሙሉ ያየሁት በሽንኩርት ማዳበሪያው ጆሮ በኩል ነው።

ዝዋይ ዓሣ በላን። ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለውን ገዳም በዓሣ አጥንት እየጠቆምኩ አሳየኋቸው። “ሎሚ አቀብለኝ” አሉኝ። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው፤ እትዬ “ሻይ በወተት” አሉና ከሰል ገዙ። (ከሰሉ እግራቸው ሥር ገባ፤ አልተጣሉም።) የሻላ ጥልቀት ከ250 ሜትር ይበልጣል፤ የእትዬ እንቅልፍ ግን ከዚያም የጠለቀ ነበር።

ሐዋሳ የገባነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሐይቁ ጨልሟል። “ጠዋት እናየዋለን” ተባባልን። ጠዋት እትዬ “ቲማቲም ሳይሞቅ እንመለስ” አሉ። ቲማቲሙን መቼ እንደገዙ እስካሁን አላወቅንም።

ማታ ሰፈር ስንገባ ጎረቤታችን በር ላይ አገኘችን።

“እትዬ፣ ሐዋሳ እንዴት ነበር?”

“መቂ ላይ ረክሷል!”