አንዲት ቡሽ አዋረደችኝ

ጫማዬ እስካሁን ውኃ እየተፋ ነው። ካልሲዬን በረንዳው ላይ ሰቅዬ ነው ይህን የምጽፈው። ሳሎን ቡና ተፈልቷል። ሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። የሚስቁት በማን ላይ እንደሆነ ደግሞ አልጠፋኝም። እንግዲህ እኔም ላውራ፤ እዚህ ቢያንስ ማንም ከአፌ አይነጥቀኝም።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፣ የባለቤቴ አጎት፣ ከባሕር ዳር የመጡት። ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ሦስቱንም ሳምንት "አንተ ልጅ፣ ያ ጀልባህ ለጌጥ ነው ወይስ ይሄዳል?" ሲሉኝ ከረሙ። እሺ፣ ይሁን አልኩ። ዛሬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘን፣ ወደ ፖቶማክ ወረድን።

"ምን አስቸኮለህ፣ ዓሣው የት ይሄዳል?" የምትሉኝ ሰዎች አላችሁ። ይሄዳል! ፖቶማክ ከዲሲ በታች ወንዝ ይባል እንጂ ከባሕሩ ጋር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲሞላ ባሱ፣ የምናጠምደው ዓሣ ማለቴ ነው፣ ውኃው ውስጥ ባለው ሣር ገብቶ ይበተናል፣ የት እንዳለ ሰይጣንም አያገኘው። ሲጎድል ግን ትንንሾቹ ዓሦች ከሣሩ ውስጥ ተገፍተው ይወጣሉ። እሱ ጠርዙ ላይ አፉን አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፣ ድግስ ቤት የወጥ ቤቱን በር ይዞ እንደሚቆም ሰው። ጨዋታው እንግዲህ ያቺ ሁለት ሰዓት ናት። ዛሬ ደግሞ ውኃው መጉደል የሚጀምረው 11 ተኩል ላይ ነበር። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሰንጠረዥ ሳሰላ የከረምኩት ለዚህች ነው።

ደረስን። ትሬለር፣ ጀልባው የሚጫንበትን ተጎታች፣ ወደኋላ መንዳት የሞከረ ሰው ያውቀዋል። መሪውን ወደ ቀኝ ስትጠመዝዝ እሱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ስታስተካክለው ደግሞ ይብስበታል። እኔ ሌላ ቀን አራት አምስት ጊዜ እመላለሳለሁ፣ አንዴማ ባለቤቴ ወርዳ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጇን ስታወዛውዝ ጭራሽ ሣር ላይ ወጥቻለሁ። ዛሬ ግን በአንድ ምት! ቀጥ ብሎ ገባ። ጋሼ አዩና "ጎሽ!" አሉኝ።

ያቺ "ጎሽ" ናት ያጠፋችኝ።

ከጀልባው ጀርባ፣ ታች፣ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ጀልባው ቤት ሲቀመጥ የዝናብ ውኃ እንዲወጣባት ትከፈታለች። ውኃ ከመግባቱ በፊት ደግሞ በቡሽ ትደፈናለች። ጥቂት ዶላር የምታወጣ ቡሽ ናት። እኔ ሁሉን አድርጌአለሁ እኮ። የማጥመጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው። ጋሼን ላይፍ ጃኬት አልብሻለሁ። ብወድቅ ሞተሩን የምታጠፋዋን ገመድ እንኳ ወገቤ ላይ አስሬአለሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ናት። ቡሿን ብቻ!

መኪናውን አቁሜ ተመለስኩ፣ ሞተር አስነሳሁ፣ ትንሽ እንደሄድን።

"ልጄ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ይሄ ጀልባ ውኃ ይጠጣል እንዴ?"

"ትንሽ እርጥበት አይጠፋም ጋሼ፣ ያለ ነው።"

"እህ... እርጥበቱ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ።"

ዞሬ ሳይ የመንጠቆ ሳጥኔ እየተንሳፈፈ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልተርክም። እሺ፣ ልተርከው። በሩጫ ተመለስን። ትሬለሩን ድጋሚ አወረድኩ። አሁን በአንድ ምት የለም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላ አራት መኪና ተሰልፏል። ጀልባውን ጎትቼ ሳወጣው በዚያች ቀዳዳ ውኃው እንደ ቦኖ ይወርዳል። አይቆምም! ወገቤን ይዤ ቆሜ አያለሁ። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጀልባ የያዘ ፈረንጅ በመስኮት ብቅ ብሎ "አለቃ፣ የረሳሃት ነገር ያለች ይመስለኛል" አለኝ። እሱን እንኳ አልጠላሁትም። ወርዶ "ሁላችንም ላይ ደርሷል" ብሎ ትርፍ ቡሽ ሰጠኝ። አመስግኜ፣ ገጥሜ፣ ስጨርስ እጄን ጃኬቴ ኪስ ከተትኩ። የራሴ ቡሽ! ከማስቲካ ጋር ተኝታለች።

ጋሼ ይህን ሁሉ ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ። "እኛ ዘንድ ታንኳ የሚሠራው በደንገል ነው" አሉ። "ደንገል ሣር ነው። ሁለመናው ቀዳዳ ነው። ግን አይሰምጥም።" ትንሽ ቆየት ብለው "ይሄን በስንት ገዛኸው?" አሉኝ። ግማሹን ዋሽቼ ነገርኳቸው። በብር መንዝረው ሲጨርሱ ራሳቸውን ያዙ።

መልሱ የመጣልኝ አሁን ነው፣ በረንዳ ላይ። ታንኳም እኮ ውኃ ትጠጣለች! ስትከብድ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ነው የሚያደርቋት! ምን ዋጋ አለው፣ ያኔ አፌ ተሳሰረ።

ማታዎማን ገባር ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፣ የውኃው ጉድለት ተጋምሷል። ያም ሆኖ የሣሩ ጠርዝ ላይ የፕላስቲክ እንቁራሪት ማጥመጃዬን ወረወርኩ። እንቁራሪት ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ ባሱ ውኃውን ሰንጥቆ ሲውጣት ቶሎ አትስብም። "አንድ፣ ሁለት" ትላለህ፣ ክብደቱ እጅህ ላይ ሲሰማህ ያኔ ትመነጭቃለህ። ቶሎ ከሳብክ ከአፉ ታወጣታለህ። ሣሩ እንደ ጉድ ተንቦጫረቀ፣ ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው "ያዘው! ሳብ! ሳብ በለው እንጂ!" አሉ። ሳብኩ። እንቁራሪቷ በጆሮዬ አጠገብ አልፋ ከኋላ ወደቀች። "አምልጦሃል" አሉኝ፣ እንዳላየሁ።

ስለ መሳብ ካነሳን አይቀር፣ ባለፈው ወር የማጥመጃ ዘንጌን የተዋስከኝ ወንድሜ፣ ራስህን ታውቃለህ። ያንን ሪል፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን፣ በአውራ ጣት ከበሮውን እየተጫንክ ነው የሚወረወር ብዬ ነገርኩህ። ለቀቅኸውና ክሩን አወሳስበህ የወፍ ጎጆ ሠርተህ መለስክልኝ። ክሩን ቆርጬ ነው የጣልኩት። ደግሞ ቋጠሮ በደረቁ አታጥብቁ! በምራቅ አርሱት! ሲጠብቅ ይፋተግና ክሩ ይደክማል፣ ትልቁ ዓሣ የሚበጥሰው እዚያችው ላይ ነው። ስንቴ ልናገር።

በመጨረሻ አንድ ያዝኩ፣ በፕላስቲክ ትል፣ ሣሩ ውስጥ ባለች ክፍት ቦታ ላይ ቀስ ብላ ስትወርድ። ክሩ ወደ ጎን ሄደ፣ መነጨቅኩ፣ ዘለለ። ሁለት ኪሎ ያህል የምትሆን፣ አረንጓዴ፣ ጎኗ ላይ ጥቁር መስመር ያላት ቆንጆ ባስ። በአፏ ይዤ ፎቶ ተነሳሁና ቀስ ብዬ ውኃው ውስጥ ለቀቅኋት።

ጸጥታ።

"ምን አደረግህ?"

"ለቀቅኋት ጋሼ።"

"ለምን? ዕዳ ነበረባት?"

ለማስረዳት ሞከርኩ። ባስ የሚያጠምድ ሰው አብዛኛው እንደሚለቅ፣ ትልልቆቹ ለመራቢያ እንደሚያስፈልጉ ነገርኳቸው። ደግሞ ለማስደነቅ ብዬ፣ የዓለም ሪከርድ የያዘው ሰው ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ 10 ኪሎ የሚመዝን ባስ እንዳወጣ፣ እስከ 2009 ድረስ ጃፓን ውስጥ አንድ ሰው እስኪስተካከለው የሚደርስበት እንደጠፋ ጨመርኩላቸው።

"እሱስ ምን አደረገው?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

"ቤተሰቡ በላው።"

"ጎሽ! እሱ ነው ወንድ!" አሉ።

አሁን ቤት ደግሞ ሌላ ክስ ነው። "ፍልሰታ ሊገባ ነው፣ ባዶ እጃችሁን መጣችሁ?" ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እንኳ ልተወው። ባለፈው ዓመት ስኔክሄድ፣ ያ ራሱ እባብ የሚመስለውን ዓሣ፣ ይዤ መጥቻለሁ እኮ! ወራሪ ነው፣ ግደሉት ብሉት ተብሏል፣ ሥጋው ነጭ ነው፣ ሜሪላንድ ሰው እንዲበላው ብላ ስሙን እንኳ "ቼሳፒክ ቻና" ብላዋለች። ባለቤቴ አንዴ አየችውና "እባብ ቤቴ አይገባም" አለች። ቅርፊት አለው፣ ቁጠሪው አልኳት። ብሉ ካትፊሽ፣ አምባዛ መሰሉን ዓሣ፣ ሳመጣ ደግሞ "ቅርፊት የለውም፣ አይበላም" ተባልኩ። እሺ ምን ላምጣ? በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሳልሞን ከሱቅ ገዝቼ፣ ጀልባው ላይ ጭኜ ልመለስ?

ቅድም ቡሿን ከመኪና ቁልፌ ጋር በክር አሰርኳት። ጋሼ ሲኒያቸውን ይዘው አሁን በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አዩትና አነሱት፣ አገላብጠው አዩት።

"ይሄ ምንድነው፣ ክታብ?"

ዝም አልኩ። ውኃው ነገ የሚጎድለው ከዛሬው አንድ ሰዓት ገደማ ዘግይቶ ነው። አልነግራቸውም።