የገበያ ጋሪዎን መሀል መተላለፊያ ላይ ገትረው ለሚሰወሩት ክቡር ሸማች

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጋሪዎን ስለማስነሳት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ፊት ለፊት ባቀርበው ደስ ባለኝ። ግን ሁልጊዜ የማገኘው ጋሪዎን ብቻ ስለሆነ በጽሑፍ ለማድረግ ተገድጃለሁ።

እንደሚያውቁት የምንገናኝበት፣ አባል ብቻ የሚገባበት የጅምላ መደብር ሱቅ ይባል እንጂ መጋዘን ነው። ጣሪያው አንገት ያስቀስራል፣ እቃው ከነፓሌቱ፣ ማለትም ከነእንጨት ርብራቡ፣ ተቆልሏል። መተላለፊያውም ፎርክሊፍት የሚያስገባ ነው። ይህን ሁሉ ስፋት በአንድ ጋሪ መዝጋት ቀላል ሥራ አይምሰልዎ። እርስዎ ግን ተክነውበታል። መጀመሪያ አግድም ያቆሙታል። ቀጥሎ ትንሽ ሰያፍ ያደርጉታል፣ በግራም በቀኝም እንዳናመልጥ። ከዚያ ይሰወራሉ። አሁን "ይቅርታ" የምንለው ማንን ነው? ጋሪውን? ብለነው አይተናል፣ አይሰማም። ቀስ አድርገን ወደ ጥግ እናስጠጋው ስንል ደግሞ፣ ልክ እጃችን መያዣው ላይ ሲያርፍ ከየት መጡ ሳይባሉ ከች ይላሉ። አስተያየትዎ ኪስዎ ውስጥ እጃችንን ያገኙት ያስመስላል።

ነገርዎ ቢያሳስበኝ የጋሪን ታሪክ ፈልጌ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሲልቫን ጎልድማን የሚባል አሜሪካዊ የሱፐርማርኬት ባለቤት ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ የገበያ ጋሪን ሥራ ላይ አዋለ። ሐሳቡን ያገኘው ከታጣፊ ወንበር ነው ይባላል። ሸማቹ ግን እምቢ አለ። ወንዶቹ "ቅርጫት መያዝ አቃተው" እንዳይባሉ ፈሩ። ሴቶቹ ደግሞ የሕፃን ጋሪ ስንገፋ ኖረናል፣ በቃን አሉ። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሸማች መስለው ጋሪ እየገፉ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሰዎችን ቀጠረ።

እዚህ ላይ ስደርስ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ኮንትራቱ ማብቃቱን የነገረዎት የለም ማለት ነው? ክቡርነትዎ፣ ጋሪው ተለምዷል። ዓለም ሁሉ ይገፋዋል። ቤትዎ መግባት ይችላሉ።

ምግብ በነፃ ስለሚያስቀምሱበት የቅምሻ ጠረጴዛ ብዙ አልልም። ሁለተኛ ዙር ሲመጡ ጃኬትዎን ገልብጠው መልበስዎን ግን አስቀማሿ ልጅ አውቃለች፣ እኛም አውቀናል።

ከፍሪዘር አውጥተው፣ ሐሳብዎን ቀይረው፣ ሳሙና መደርደሪያ ላይ ስለተዉት የበረዶ እቃ ግን ልናገር። እርስዎ "ያው መደርደሪያ ነው" ብለው ይሆናል። ሠራተኛው ሲያገኘው እቃው ቀልጦ ውሃ ሆኗል። የቀለጠ ምግብ ደግሞ ተመልሶ አይሸጥም፣ ይጣላል። ኪሳራውን የሚሸፍነው ሳሙናው አይደለም። ዞሮ ዞሮ ከእኛው ኪስ ነው።

ሰልፍ ላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ባዶ እጁን የቆመ ልጅ አይቼ "ይሄ ሰልፍ ቶሎ ያልቃል" ብዬ ከኋላው ቆምኩ። ካሸሩ ጋ ልንደርስ ስንል ልጁ ዞር አለና "ኑ! ተራችን ደረሰ!" ብሎ ተጣራ። እርስዎ ከአንዱ ሰልፍ፣ ባለቤትዎ ከሌላው፣ ተራራ የሚያህሉ ሁለት ጋሪዎች እየገፋችሁ መጣችሁ። በየሰልፉ አንድ አንድ ወኪል አስቀምጣችሁ ስትጠብቁ ነበር ለካ! እኔ ደግሞ ለመግባት አባል መሆን እንጂ ለመውጣት ቤተሰብ ማሰማራት እንደሚያስፈልግ አልተነገረኝም።

የሚገርመው፣ ሰልፍ ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1909 አግነር ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ ስለ ስልክ ጥሪዎች ባሳተመው ጽሑፍ ነው የተጀመረው። በዚህ ሒሳብ መሠረት ወረፋ የሚረዝመው ካሸር ስላነሰ ብቻ አይደለም። አንዱ ደንበኛ ቶሎ ሲጨርስ ሌላው የሚቆይ ከሆነ፣ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር የሁሉም ጥበቃ ይረዝማል። ሊቃውንቱ ይህን በቀመር አስቀምጠውታል። እኔ በአካል አየሁት። እቃው ሁሉ ስካን ተደርጎ አልቆ፣ ካሸሩ ሒሳቡን ነግሮዎት፣ "አንዴ! አንድ ነገር ረስቻለሁ" ብለው መጋዘኑ ጫፍ ድረስ የሄዱ ጊዜ። ተመልሰው ሲመጡም ካርዱ ከቦርሳው ሥር፣ ከቁልፉ በታች፣ ከአምናው ደረሰኝ ጋር ተጣብቆ ነበር። ወይ ጉድ! ለሁለት ሰዓት ሲገዙ መጨረሻ ላይ እንደሚከፈል አልጠረጠሩም?

መውጫው ላይ ደረሰኝ የምታየው ልጅ ሥራዋ ነው። በሩ አፍ ላይ ቆሞ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በጣት እየቆጠሩ ማንበብ ግን የእርስዎ ፈጠራ ነው። ኧረ በሕግ! ከኋላዎ ያለነው ወዴት እንሂድ?

ፓርኪንጉ ላይ እንለያያለን። እ.ኤ.አ. በ1946 ኦርላ ዋትሰን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ፣ ጋሪዎች አንዱ ሌላው ውስጥ እየገባ እንዲሰደሩ መላ አገኘ። የኋላ በራቸው ወደ ላይ ይከፈታል፣ ገፋ ሲያደርጉት ግጥም ይላል። የቀረው ነገር ቢኖር ጋሪውን እስከዚያ ድረስ መግፋት ነው። እርስዎ ግን ለመኪና ማቆሚያ የተሰመረ ባዶ ቦታ ሲያዩ ለጋሪዎ የተዘጋጀ ይመስልዎታል። ያቆሙታል፣ እንደ ልማድዎ ሰያፍ፣ እና ይሄዳሉ።

ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ከኋላዎ የቆመው

ግልባጭ፦
ለባለቤትዎ፣ ሰልፍ 2
ለልጅዎ፣ ሰልፍ 5
ለአማትዎ፣ ቅምሻ ጠረጴዛው ጋ